4ኛ ፎቅ ላይ መራመድ የማይችል ልጅ ይዛችሁ የምትኖሩ እንዴት ነው የምታደርጉት?

የሦስቱ እናት (ኮዬ ፈጬ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የሰው አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ልጆቹም ተኝተዋል ባለቤቴም መንገድ ላይ ነው፣ ትንሽ ልተንፍስ ብዬ ነው። ከረዘመ ይቅርታ።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፣ መሀለኛው ማሙሽ 6፣ ትንሿ ደሞ ዓመት ከሁለት ወሯ። ማሙሽ ሴሬብራል ፓልሲ ነው ያለበት፣ አንጎሉ ላይ በደረሰ ጉዳት ሰውነቱን ማዘዝ ይከብደዋል። ምጡ ረዝሞብኝ ታፍኖ ነው የተወለደው፣ ቶሎ አላለቀሰም። ብቻውን አይቀመጥም አይራመድም፣ አንገቱን ግን አሁን በደንብ ይዟል፣ ቃል ባያወጣም ሁሉን ነገር ይሰማል፣ የአባቱን ኮቴ ገና ሁለተኛ ፎቅ ላይ እያለ ለይቶ መሳቅ ይጀምራል።

የምንኖረው 4ኛ ፎቅ ነው። በ2005 ለኮንዶሚኒየም ስንመዘገብ ገና ልጅ የሚባል አልነበረንም፣ ዕጣው ሲወጣ 4ኛ ፎቅ ሲሉን አየሩ ጥሩ ነው ሌባም አይደርስም ብለን እልል ብለን ነው የገባነው። ማሙሽ ትንሽ እያለ አዝዬው እወጣለሁ እወርዳለሁ፣ ምንም አልመሰለኝም። አሁን 16 ኪሎ ገብቷል፣ እግሩም ረዝሞ ሳቅፈው ጉልበቴን ይመታኛል። ከታች እስከ በራችን 68 ደረጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ከወጣ ሳምንት አስር ቀን አይመለስም፣ ስለዚህ ሰኞና ሐሙስ ፊዚዮቴራፒ ስንሄድ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ የማወርደውም እኔ፣ ከሰዓት ደክሞኝ የማወጣውም እኔ ነኝ።

ግን ከክብደቱ የባሰብኝን ልንገራችሁ። ማሙሽ ደስ ሲለው ሰውነቱ ይገተራል። እንደ እንጨት ቀጥ ነው የሚለው፣ ጀርባው ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ እግሩ ይቆላለፋል። ባለፈው ወር ደረጃ ላይ የአባቱን ስም ጠርቼ ነገ ይመጣል ስለው በደስታ ተወርውሮ ከእጄ ሊወጣ ነበር፣ ብረቱን ይዤ ነው የተረፍነው፣ ክርኔ እስካሁን ያመኛል። ከዛ ቀን ጀምሮ ደስ እንዳይለው ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ፊቱንም አላየውም። ከታች እስከ ላይ አንዲት ቃል አልተነፍስም፣ እሱ ደሞ ቀና ብሎ ፊቴን እያየ ይጠብቃል፣ ምን አጠፋሁ እንደሚል ልጅ።

ሌላው ደሞ ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም አልችልም። ከታክሲ ስወርድ ማንን ቀድሜ ላውጣ? ትንሿን ቀድሜ ካወጣሁ ቤት ቆልፌባት ነው የምወርደው፣ ማሙሽን ካስቀደምኩ እሷን ለጥበቃው ነው የምሰጠው። ሰራተኛ ነበረችኝ፣ ማሙሽን አንድ ቀን የሚጥል በሽታው ሲነሳበት አይታ በማግስቱ ልብሷን ሰብስባ ሄደች፣ አልፈርድባትም ልጅ ናት ደንግጣ ነው። ስለዚህ ትልቋ ናት ሁሌ ከታች ቆማ የምትጠብቀው። ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ታረፍዳለች። አንዴም አልተነጫነጨችም እሷ፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ጸጉሯን ራሷ መሥራት ጀምራለች፣ ከፊት ለፊት ቆንጆ አርጋ ትጎነጉነውና የኋላው እንደተንጨባረረ ትሄዳለች፣ እኔ ደሞ በር ላይ ከኋላዋ አየዋለሁ እንጂ ነይ ላስተካክልሽ የምልበት ደቂቃ የለኝም።

ባለፈው እሁድ ትንሿ ሶፋውን ለቃ አራት እርምጃ ሄደች። ትልቋ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ዝም በይ ብዬ ተቆጣኋት። ማሙሽ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ እያየ ነበር። ከዛ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እና ጥያቄዬ፣ ግራውንድ ቤት ቅያሪ ያገኛችሁ አላችሁ ወይ፣ ልጁን እንዴት ነው ተሸክሞ መውጣት የሚቻለው፣ ደሞ ሌሎቹን ልጆች እንዴት ነው የምታደርጓቸው። አመሰግናለሁ።

የአራብሳዋ

እህቴ አይዞሽ፣ አንጀቴን ነው የበላሽው። እኔም ቦሌ አራብሳ 3ኛ ፎቅ ነበርኩ፣ ልጄ ሌላ ችግር ነው ያለባት ግን ያው መሸከሙ አንድ ነው። ቅያሪ ሁለት ዓመት ፈልጌ አጣሁ፣ ምክንያቱም ግራውንድ ብዙው ሱቅ ነው፣ መኖሪያ የሆነው ደሞ ባለቤቱ ዋጋውን ያውቀዋል ጨምሪ ይልሻል። መጨረሻ ላይ ያረግነው የራሳችንን አከራይተን ግራውንድ ተከራየን፣ ልዩነቱን ከኪሳችን እንጨምራለን። ነገሩ ቀለለኝ ግን ግራውንድም የራሱ ጣጣ አለው እወቂ፣ ማንሆል ሲሞላ የሚገነፍለው እኛ በር ላይ ነው፣ ክረምት ግድግዳው ይረጥባል፣ ልጄ ደረቷ ደካማ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ስትስል ነው የምታድረው። ከመግባትሽ በፊት ግድግዳውን በእጅሽ ዳስሺው፣ ቀለም አዲስ ከሆነ ጠርጥሪ።

ውሃው ግን ተመስገን ነው። ግራውንድ ግፊቱ ደካማ በሆነበት ቀን እንኳን ትመጣለች፣ አንቺ 4ኛ ላይ ጄሪካንም ትሸከሚያለሽ ማለት ነው።

የሦስቱ እናት (ኮዬ ፈጬ)

አዎ ጄሪካኑን አልጻፍኩትም እንጂ። ውሃ የምትመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ሌሊት።

ኤልዳና21

ይቅርታ አርጊልኝና ለምን የሚቀበል ድርጅት አታስገቢውም? ሌሎቹም ልጆች እኮ ሕይወት አላቸው። ለእሱም እዛ ይሻለዋል፣ ለክፋት አይደለም።

አቡ ሪሃና (ፉሪ)

ኤልዳና ለክፋት እንዳልሆነ ገብቶኛል ግን ሴትየዋ ልጄን ውሰዱልኝ አላለችም፣ ደረጃውን እንዴት ልውጣ ነው ያለችው። የአባቱን ኮቴ ከሁለተኛ ፎቅ የሚለይ ልጅ የት ነው የሚሻለው?

እህቴ አሰላሙ አለይኩም። እኔ የሪሃና አባት ነኝ፣ እሷም ሴሬብራል ፓልሲ ነው፣ አሁን 11 ዓመቷ። እውነቱን ልንገርሽ መጀመሪያ አካባቢ እኔ ከቤት እሸሽ ነበር። ሥራ አለ እላለሁ ሥራ የለም፣ ጀሞ ሄጄ ሻይ ቤት እቀመጣለሁ። ሚስቴ አንድ ቀን ምንም ሳትናገር ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሳየችኝ፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጫማው ሰርስሮት ነበር። ወላሂ ከዛ ቀን በኋላ ሪሃናን ቤት ካለሁ እኔ ነኝ የማነሳት። ባለቤትሽ መንገድ ላይ ቢሆንም ሲመጣ ፊዚዮው ጋር አንድ ቀን አብሮሽ ይሂድ፣ እዛ እጁን ይዘው ካላሳዩት ወንድ ልጅ እፈራለሁ እንዳልሰብረው ብሎ ነው የሚርቀው እንጂ ጠልቶ አይደለም። እኔ ያንን ነበርኩ።

ሁለተኛ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ነው የሚውለው ካልሽ ወንበር አሠሪለት። እኛ ሰፈር አናጺ ነው የሠራልን። ሁለት ቺፑድ በማዕዘን ገጥሞ እንደ ግድግዳ ጥግ ያለ ጀርባ ይሆናል፣ ከጥጉ ስለሚደገፍ ትከሻው ወደ ፊት ይመጣል እንጂ ወደ ኋላ አይለጠጥም። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ አለው፣ መሀል እግሩ ላይ ደሞ እንዳይቆላለፍ አንድ ትንሽ ግንድ በስፖንጅ ተጠቅልሎ ይገባል። ሪሃና እዛ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው ምግብ በእጇ መያዝ የጀመረችው። ሰው እኮ ተኝቶ ኮርኒስ ብቻ እያየ ሲውል ምን ሊማር ይችላል።

ፊዚዮ ነኝ (አስኮ)

የአቡ ሪሃናን ወንበር እኔም እደግፈዋለሁ፣ ግን ልኬቱን ፊዚዮሽ ይውሰድልሽ። ዳሌው ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ሦስቱም እንደ ኤል ፊደል መታጠፍ አለባቸው፣ እግሩ ደሞ መርገጫ ላይ ሙሉ ለሙሉ ማረፍ አለበት። እግር ከተንጠለጠለ ልጁ እየተንሸራተተ ይመጣና መገተሩ ይብሳል። በእርዳታ የሚሰጠው የአዋቂ ዊልቸር ላይ ልጆችን ትራስ ጠቅጥቀው የሚያስቀምጡ ብዙ እናቶች አያለሁ፣ ያ አይሆንም፣ ልጁ ተጣሞ ነው የሚያድገው።

አሁን ስለ ደረጃው። ማሙሽ ሲገተር የሚያግዘው ትልቁ ነገር ዳሌውና ጉልበቱ መታጠፉ ነው። ቀጥ አርገሽ እንደ ሕፃን በሁለት እጅሽ አግድም ከያዝሽው ራስሽ እንዲገተር እየጋበዝሽው ነው። መጀመሪያ ተንበርክከሽ አስቀምጪው፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አምጪ፣ ሲላላ እግሮቹን ከፍተሽ ወገብሽ ላይ ግራና ቀኝ አድርጊ። ከሁሉ የሚሻለው ደሞ የእናቶቻችን ማዘል ነው። እግሩ ተከፍቶ ጀርባ ላይ ሲታዘል እነዚያ የሚቆላለፉት የጭን ጡንቻዎች ይሳባሉ፣ እጅሽ ነፃ ይሆናል ብረቱን ትይዣለሽ፣ ደረጃውንም ታያለሽ። ፊት ለፊት አቅፈሽው ደረጃ መውረድ ግን ተዪው፣ እግርሽን የት እንዳሳረፍሽ አታዪም። አንቀልባው ከጠበበው ጠንካራ ጨርቅ ያለው ሰፊ አሰፊለት፣ መቀመጫውንና ጀርባውን በደንብ የሚይዝ ይሁን። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ቁሚ፣ አትቸኩይ።

እና እባክሽ አውሪው። ደስ ሲለው መገተሩ የጡንቻው ጠባይ ነው፣ በዝምታ አይድንም። ከመነሳትሽ በፊት ቁጭ ብለሽ ንገሪው፣ አሁን ልንወጣ ነው በዪው፣ ደስታው መሬት ላይ ይውጣለት፣ ከዛ ሲላላ እዘዪው። ድንገት የሚመጣ ነገር ነው የሚወረውረው። አስቀድሞ ያወቀው ነገር ብዙም አይወረውረውም።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ ምግብ እንዴት ነው የምታበይው? ሁለተኛ ዳሌው ራጅ ተነስቶ ያውቃል?

የሦስቱ እናት (ኮዬ ፈጬ)

ወንድሜ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አግድም ነበር የምይዘው፣ ማንም እንዲህ ብሎ ነግሮኝ አያውቅም። ምግብ ጭኔ ላይ አስተኝቼው ነው፣ አጥሚትና ገንፎ በማንኪያ፣ ብዙ ጊዜ ያስለዋል። ራጅ ተነስቶ አያውቅም።

ፊዚዮ ነኝ (አስኮ)

እንግዲያው ወንበሩ ለምግቡም ያስፈልግሻል። ተንጋሎ የሚበላ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው መንገድ ይገባበታል፣ ሲበላ የሚስለው ለዛ ነው፣ እየደጋገመ ሳንባ ምች የሚይዛቸው ብዙዎቹ በዚህ ነው። ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ይበል፣ ማንኪያውን ከፊት ለፊቱ ከታች አምጪው እንጂ ከላይ አይሁን፣ ከላይ ካመጣሽው ቀና ይላል። አጥሚቱን ትንሽ አወፍሪው፣ ቀጭን ፈሳሽ ነው ቶሎ የሚያንቀው። ከበላ በኋላም ወዲያው አታስተኚው።

ራጁን ሐሙስ ስትሄጂ ጠይቂ። አንጎሉ ላይ የደረሰው ጉዳት በራሱ አይጨምርም፣ ግን አጥንቱ እያደገ ጡንቻው ሲይዘው መራመድ የማይችሉ ልጆች ዳሌያቸው ቀስ በቀስ ከመጋጠሚያው ሊወጣ ይችላል። ሕመሙን መናገር ስለማይችሉ ሰው ልጁ ነጭናጫ ሆነ ይላል። ቶሎ ከታየ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻላል።

ለወንበርና ለእግር ድጋፍ መናገሻ ያለው ቼሻየርም አለ፣ የአካል ጉዳት ባለባቸው ልጆች ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራ ድርጅት ነው። ከኮዬ ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠሽ በሆለታ መንገድ ነው የምትወጪው፣ ግን አንዴ ሄደሽ ብታሳዪው ዋጋ አለው።

የልጅ ልጆች አያት

ልጄ እኔ በልጄ ስልክ ነው የምጽፈው። የኔ የልጅ ልጅም እንዲህ ነው። ጸበሉን ሞክረሽዋል ወይ? እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰባት ቀን አስጠምቂው። እኔ ሄጄ ልጁ ባይራመድም እንቅልፍ ተኝቷል፣ እኔም ልቤ አርፏል። ሰው የሚለውን ደሞ አትስሚ፣ እኔን የእናቱ ኃጢአት ነው ያሉኝ ነበሩ፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ሒሳብ አይዝም። አይዞሽ የኔ ልጅ።

የሦስቱ እናት (ኮዬ ፈጬ)

እማዬ ያኑርልኝ፣ እጅዎን ይባርከው። ሦስት ዓመቱ ላይ አስጠምቄዋለሁ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ደግሜ እወስደዋለሁ።

ፊዚዮ ነኝ (አስኮ)

እማዬ ትክክል ነዎት ልብ ማረፉ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ለሁሉም ልጨምር፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረ ልጅ ጸበል ሲሄድም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ድንገት ማቋረጥ ከበፊቱ የባሰ ሊያመጣ ይችላል።

ሰራተኛዋ የሄደችበትንም አይቼ ነው። ቤት ውስጥ ላላችሁ ሁሉ፣ ለትልቋም ጭምር አስተምሯት፣ ሲጥለው ወደ ጎን ማስተኛት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ማላላት፣ ሰዓት ማየት። አፉ ውስጥ ማንኪያ ምናምን አይገባም። ክብሪት አጭሮ ማሽተትም ይቅር፣ ምንም አይጠቅመውም፣ የተቃጠሉ ልጆች አይቻለሁ። በሽታው በለሃጩ አይተላለፍም። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ነው።

ኮሚቴ ነኝ (ገላን)

እኔ የብሎካችን ኮሚቴ ነኝ፣ ስለ ቤቱ ልበል። ዕጣው ሲወጣ ለአካል ጉዳተኛ 5 በመቶ ቤት ነበር፣ ግን የሚታየው ተመዝጋቢው ነበር፣ አንቺ ስትመዘገቢ ልጁ አልተወለደም፣ ከተረከባችሁ በኋላ የልጅ ማስረጃ ይዞ ፎቅ ማስቀየር የተሳካለት ሰው እኔ በግሌ አላጋጠመኝም። የሕንፃ አዋጅ 624/2001ም ቢሆን ለአካል ጉዳተኛ መዳረሻ ይኑር የሚለው ሕዝብ ለሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ነው፣ እንደኛ ያለ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሊፍት የለውም በቃ። ሀገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን ኮንቬንሽን በ2002 አጽድቃለች፣ ወረቀቱ አለ፣ አንቺ ግን ነገ ጠዋት የምትወርጂው ደረጃ ነው።

ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን ጠይቂ። የብሎክ ስብሰባ ሲጠራ ኮሙናል (የጋራ ቤቱ) ላይ ሄደሽ ተናገሪ፣ ሰው እኮ ስላላወቀ ነው ዝም የሚለው፣ በር ዘግቶ የሚኖረውን ሰው ችግር ማን ያውቃል። ደረጃው ሥር ያለችውን ቦታ ለዊልቸርሽ እንዲፈቅዱልሽ አርጊ። ከመግቢያው ፊት ያለችውን አንድ እርከን ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃታል ተዳፋት ለማድረግ። ግራውንድ ያለ አንድ ደህና ጎረቤት ካለ ደሞ ሁለቱን ልጆች በየተራ እስክታወጪ አንዱን የሚይዝልሽ እሱ ነው፣ ያንን ነው መጀመሪያ ብፈልግ የምፈልገው። እኛ ብሎክ ሁለት ወጣቶች አሉ አንዲት አሮጊትን እሁድ እሁድ ቅዳሴ የሚያወርዱ፣ ማንም አላዘዛቸውም፣ አንድ ቀን ተጠይቀው ነው።

ሜሪ_የካ አባዶ

የእኔ ልጅ ኦቲዝም ነው ስለዚህ ደረጃው ላይ ይሮጥብኛል እንጂ አልሸከመውም፣ ግን ስለ መደበቅ ስታነሱ... እኛ ሰፈር ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅ እንዳለኝ የማያውቁ ጎረቤቶች ነበሩኝ። ዘሚ የኑስ፣ አሁን በሕይወት የለችም፣ እሷ ከራሷ ልጅ ተነስታ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በእ.ኤ.አ. 2002 ከፍታ ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ ልጄ ይሄ ነው ባትል እኔ ስሙንም አላውቀውም ነበር። ብሎኩ ውስጥ ተናገሪ ያለሽን ኮሚቴውን ስሚው።

የወንድሜ እህት

እኔ ስለ ትልቋ ልጅሽ ነው የምጽፈው። ጽሑፍሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

እኔ 26 ዓመቴ ነው፣ ወንድሜ ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል፣ እንደ ማሙሽ ነው። ያደግነው አስኮ ነው፣ ፎቅ አልነበረም ግን ጭቃ ነበረ፣ እናቴ ክረምት ላይ እሱን አዝላ እኔን በእጇ ይዛ ነበር፣ እጄን ስትለቅ አስታውሳለሁ፣ ሚዛኗን ልትጠብቅ ስትል ሁሌ የምትለቀው የእኔን እጅ ነው። አልተቆጣሁም። ልጅ እኮ ይገባዋል፣ ችግሩም እሱ ነው፣ ስለሚገባው አይጠይቅም። ትልቋ አትነጫነጭም ያልሽው ትክክል ነሽ እሱ ነው የሚያስፈራው። እኔም ጎበዝ ነበርኩ፣ ሁሉም ጎበዝ ይሉኝ ነበር፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ጥርሴን አሞኝ ሁለት ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም፣ ጉንጬ ሲያብጥ ነው እናቴ ያየችው። ጓደኞቼ ወንድም አለሽ ወይ ሲሉኝ ደሞ የአክስቴ ልጅ ነው እል ነበር። ይሄን እስከ ዛሬ ለእናቴ አልነገርኳትም።

ትንሽ ነገር ነው የፈለግኩት እኮ። ከእናቴ ጋር ብቻዬን የምሆንበት አንድ ሰዓት። እና አንድ ቀን አገኘሁት፣ አክስቴ ወንድሜን ይዛልኝ እናቴ ጸጉሬን ሹሩባ ሠራችኝ፣ ጭንቅላቴን ጉልበቷ መሀል አድርጋ፣ ስትስበው ያመኛል ግን እንዳታቆም ብዬ አመመኝ አላልኩም። ስለ ጸጉሯ ስትጽፊ ለዛ ነው ያለቀስኩት። ቅዳሜ የኋላውን ሥሪላት። ሌላ ምንም አትግዢላት።

ስለ እልልታውም ልናገር ካልሽኝ። እኛ ቤትም እንደዛ ነበር፣ እኔ አንደኛ ወጥቼ ስመጣ ካርዴን ወንድሜ ፊት አላሳይም ነበር። ኋላ ትልቅ ሆኜ ገባኝ፣ ወንድሜ የሚያዝነው ሌላው ሲደሰት አይደለም፣ ሰው እሱን ሲያይ ድምፁን ሲቀንስ ነው። ያንን ያያል። ፊታችንን ሌት ተቀን ከማንበብ ሌላ ምን ሥራ አለው። ከቻልሽ እልል በሉ፣ እሱንም ቀና አርጋችሁ ይዛችሁት።

ቤቲ_ቱሉ ዲምቱ

በስመአብ 😭 እየተከታተልኩ ነው ለእኔም የሚጠቅም ነው

የአራብሳዋ

የወንድሜ እህት፣ እኔም ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አሁን ተነስቼ ትልቁን ልጄን ተኝቶ ሳምኩት።

የሦስቱ እናት (ኮዬ ፈጬ)

የወንድሜ እህት ምን እንደምልሽ አላውቅም። አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩት፣ ሁለት ቀን መልሼ መክፈት አልቻልኩም። ለእናትሽ ንገሪያት፣ የአክስቴ ልጅ ያልሽውን። እኔ ብሆን ልጄ ብትነግረኝ ነው የምመርጠው።

የሦስቱ እናት (ኮዬ ፈጬ)

ሦስት ሳምንት አለፈ፣ እንዴት ሆንሽ ብላችሁ ኢንቦክስ ላደረጋችሁልኝ ሁሉ ይሄው።

ቅያሪ አላገኘሁም። ሁለት ሰው ደውሎልኝ ነበር፣ አንዱ የጠየቀው ጭማሪ የሚቻል አይደለም፣ ሌላውን ቤት ሄጄ ግድግዳውን ዳሰስኩት፣ የአራብሳዋ እንዳልሽው ርጥብ ነው። ስለዚህ 68ቱ ደረጃ አለ።

ስብሰባው ላይ ግን ተናገርኩ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ማሙሽን ይዤው ነው የሄድኩት፣ ኮሙናል ውስጥ ሁሉም ዞሮ አየን። ደረጃው ሥር ያለችውን ቦታ ወዲያው ፈቀዱልኝ። ግራውንድ የሚኖሩት ጋሼ ጡረተኛ ናቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በራቸው አጠገብ ሳልፍ እንደምን አደሩ ከማለት ሌላ አውርተን አናውቅም ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ጠርተውኝ ልጄ ለምን በራችንን አታንኳኪም ነበር ብለው ተቆጡኝ። አሁን ሰኞና ሐሙስ ማሙሽ እሳቸው ቤት ሬዲዮ እየሰማ ይጠብቀኛል፣ እኔ ትንሿን አውጥቼ እመለሳለሁ። ትልቋ ከስድስት የፊዚዮ ቀን አንድ ቀን ብቻ ነው ያረፈደችው።

ዳሌውን ራጅ አነሱት። የግራው ትንሽ መውጣት ጀምሯል ብለውኛል፣ ገና ስለሆነ ክትትል ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይታያል። ደንግጫለሁ ግን ባላውቀው ኖሮ ይብስ ነበር። ፊዚዮ ወንድሜ ስለጠየቅከኝ ነው የታየው፣ ልጆችህን ያሳድግልህ።

ወንበሩ ተሠራ፣ እንጨቱም የእጅ ዋጋውም 4,200 ብር ሆነ፣ ባለቤቴ መጥቶ ስለነበር ራሱ አናጺው ጋር ቆሞ አሠራው፣ ስፖንጁን ከአሮጌ ፍራሽ ነው የቆረጥነው። መጀመሪያ ቀን ማሙሽ አምስት ደቂቃም አልቆየም አለቀሰ። አሁን ቁርሱን ምሳውን እዛ ነው፣ ሳሉ ቀንሷል። ትንሿ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳቦ ልትሰርቀው ትመጣለች፣ እሱም እጁን ዘርግቶ ይከላከላል፣ አይደርስባትም ግን ይዘረጋል፣ እጁን እንዲህ ዘርግቶ አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጸጉሯን ሠራሁላት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ እሷ ሌላ ቀን አታወራም፣ ያን ቀን የክፍሏን ልጆች ወሬ ሁሉ ነገረችኝ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ አንዷ መምህር ልትወልድ እንደሆነ፣ ስጨርስ ፍቺውና እንደገና ሥሪኝ አለች። ሳይሆንልኝ የቀረ ቅዳሜ አንድ አለ፣ ውሃ ያጣን ቀን።

ደረጃውን ደሞ አዝዬው ነው የምወጣው፣ እናቴ ከገጠር ጠንካራ ጨርቅ ልካ ሰፊ አሰፋንለት። ከታች ጋሼ ቤት ቁጭ ብለን እነግረዋለሁ፣ አሁን ልንወጣ ነው፣ ቤት ስንገባ ትልቋ አለች፣ አባትህ ሐሙስ ይመጣል። እዛው ይገተራል ይስቃል፣ ይሄ ልጅ ዛሬ ምን አገኘ ይላሉ ጋሼ፣ ሲላላ አዝለዋለሁ። ከዛ እያንዳንዷን ደረጃ አብረን እንቆጥራለን። እሱ አይቆጥርም፣ ግን እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ስቆም ጀርባዬን በጭንቅላቱ ይገፋኛል፣ ቀጥዪ ለማለት።

ትንሿ አሁን ትሮጣለች። እልልታውን ባለቤቴ በመጣ ቀን አስደገምነው፣ ማሙሽን ወንበሩ ላይ አድርገን። ጮኸ ከሁላችንም በላይ።

አቡ ሪሃና (ፉሪ)

አልሐምዱሊላህ። ለባለቤትሽ ሰላም በዪልኝ። ጅቡቲ መንገድ ላይ ሆኖ ቢደውልልኝ ደስ ይለኛል፣ ኢንቦክስ ስልኬን አስቀምጥልሻለሁ።

ፊዚዮ ነኝ (አስኮ)

እጁን መዘርጋቱን ለፊዚዮሽ ንገሪያት፣ ቀላል ነገር አይደለም። ወንበሩ ላይ በአንዴ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይ፣ በመሀል ምንጣፍ ላይ በሆዱ ይተኛ። ጨርቁም ሲያድግ ይጠበዋል፣ ኪሎው ሲጨምር ብቻሽን ደረጃ ላይ እንዳትሞክሪ፣ አሁኑኑ እነዛን ወጣቶች ዓይነት ሰው ብሎክሽ ውስጥ ፈልጊ።

ቤቲ_ቱሉ ዲምቱ

እህቴ እባክሽ የወንበሩን ልኬት ልትጽፊልኝ ትችያለሽ? የእህቴ ልጅ 5 ዓመቷ ነው፣ እሷም ተኝታ ነው የምትውለው፣ አናጺ እኛም ሰፈር አለ።

የሦስቱ እናት (ኮዬ ፈጬ)

እሺ ቤቲዬ ግን የማሙሽን ልኬት ብትወስጂው አይሆናትም፣ የእሷን ነው የምትለኪው። ከመቀመጫዋ ጀርባ እስከ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ፣ ከመቀመጫው እስከ ብብቷ፣ የዳሌዋን ወርድ። አስቀምጠሽ ነው ሰው ይዞልሽ፣ ተኝታ ከለካሻት ይሳሳታል። ጠረጴዛው ክርኗ እኩል ይሁን። የእኛን ፎቶ ከየአቅጣጫው አንስቼ ነገ እልክልሻለሁ፣ አሁን ውሃ መጣች፣ ልሂድ።